የልብ ንቅለ ተከላ ተስፋና የሰመመን ሕክምና አቅም፦ ጉዳዩ ከአሶሳ ሲታይ

በ2017 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የጤና አገልግሎት አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅን ሲያጸድቅ ሕዝቡን ከሁሉ በላይ ያነጋገረው አንጎሉ ሥራውን ሙሉ በሙሉ ያቆመ ሕመምተኛ ከመተንፈሻ ማሽን ሊለይ የሚችልበት ሁኔታ ነበር። ሐኪሙም ተራው ሰውም በዚህ ላይ ብዙ ተከራክሯል። ከዚሁ ጋር ተያይዞ የመጣው የአካል ክፍል ልገሳ ጉዳይ ግን እምብዛም ሳይብራራ ታለፈ። በዚህ የተነሳ የልብ ታማሚ ያለበት ቤተሰብ ግማሽ መልስ ይዞ ይጠይቃል፦ ሕጉ ከወጣ ልብ መቀየርም እዚሁ አገር ሊጀመር ነው? ከአሶሳ፣ ከባምባሲ ወይም ከፓዌ ለሚጠይቅ ሰው ደግሞ ሌላ ጥያቄ ይከተላል፦ ቢጀመርስ ለእኛ ይደርሰናል ወይ?

በኢትዮጵያ የልብ ንቅለ ተከላ ገና አልተጀመረም። ምክንያቱ ሲፈለግ ሰው ቶሎ የሚያነሳው የቀዶ ሐኪም እጥረትን ነው። እጥረቱ መኖሩ እውነት ነው፤ ዋናው ማነቆ ግን ታማሚውን የሚያስተኛው፣ በማሽን ላይ የሚያቆየው፣ አዲሱ ልብ ሥራውን እስኪጀምር ደቂቃ በደቂቃ የሚከታተለው የሰመመንና የጽኑ ሕሙማን ሕክምና አቅም ነው። ይህ አቅም አዲስ አበባ ላይ ብቻ ተገንብቶ ለቤኒሻንጉል ጉሙዝ የሚተርፍ ዓይነትም አይደለም። ከታች፣ ከክልሉ ሆስፒታሎች ካልጀመረ የክልሉ ሕዝብ ከንቅለ ተከላው ሰልፍ መጨረሻ ላይ እንኳን አይገኝም።

አዋጁ የከፈተው በር

ኢትዮጵያ ለንቅለ ተከላ እንግዳ አይደለችም። የኢትዮጵያ ዓይን ባንክ ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ ከሞቱ ለጋሾች የዓይን ብሌን እየሰበሰበ ለዓይነ ስውራን ብርሃን መልሷል። የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሕክምና ኮሌጅ ደግሞ ከአሜሪካው ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ጋር ተባብሮ በመስከረም 2008 ዓ.ም. የኩላሊት ንቅለ ተከላ ጀምሯል፤ ለጋሹም በሕይወት ያለ ዘመድ ነው።

ልብ ከሁለቱም ይለያል። የዓይን ብሌን ልብ መምታት ካቆመ ከሰዓታት በኋላም ሊወሰድ ይችላል። ኩላሊት የሰጠ ሰው በቀረው አንድ ኩላሊት ይኖራል። ልብን መስጠት የሚችለው ግን አንጎሉ የሞተ፣ ልቡ ግን በማሽንና በመድኃኒት ድጋፍ ገና የምትመታ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 በሲድኒ መምታት ያቆመን ልብ ከአካል ውጭ በልዩ ማሽን ደም እያዘዋወሩ መልሶ በማስነሳት ንቅለ ተከላ ተደርጓል፤ ያ መንገድ ግን ውድ መሣሪያና እጅግ የሠለጠነ ቡድን ስለሚፈልግ ለጀማሪ አገር መነሻ አይሆንም። ስለዚህ የአንጎል ሞት በሕግ ሳይታወቅ ስለ ልብ ንቅለ ተከላ ማውራት ትርጉም አልነበረውም። አዋጁ ይህን መሰናክል አነሳ።

ከዚህ በኋላ ያለው ሥራ የባለሙያና የመሣሪያ ሥራ ነው፤ ሥራውም ከተቀባዩ በፊት በለጋሹ አልጋ ዙሪያ ይጀምራል። አንድ ሰው አንጎሉ ሞቷል ለማለት ከሚደረጉት ምርመራዎች አንዱ የትንፋሽ ፈተና ነው። ሕመምተኛው ኦክስጅን እየተሰጠው ከመተንፈሻ ማሽኑ ለደቂቃዎች ይለያል፤ በደሙ ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከፍ ሲል በራሱ ለመተንፈስ ይሞክር እንደሆነ ይታያል። ይህን በእርግጠኝነት ለመናገር የደም ጋዝ መለኪያ ያስፈልጋል። መሣሪያው ከሌለ ውጤቱ ግምት ይሆናል፤ በግምት ሰውን ሞተ ማለት ደግሞ ሕጉም ሕሊናም አይፈቅዱም።

ሞቱ ከተረጋገጠ በኋላም አካሉ ዝም ብሎ አይቆይም። አንጎል ሲሞት የደም ግፊቱ በመጀመሪያ በኃይል ይወጣል፣ ቀጥሎ ያሽቆለቁላል። ሽንትን የሚቆጣጠረው ሆርሞን ስለሚጠፋ ፈሳሽ በብዛት ይወጣል፣ የደም ጨው ይዛባል፣ ሰውነቱ ይቀዘቅዛል። ልቡ ለሌላ ሰው የሚተርፈው በእነዚህ ሰዓታት ግፊቱን፣ ፈሳሹን፣ ሆርሞኑንና ሙቀቱን የሚያስተካክል ባለሙያ ከአልጋው ካልራቀ ብቻ ነው። ይህ የሰመመንና የጽኑ ሕሙማን ባለሙያ ሥራ ነው።

በቀዶ ሕክምናው ጠረጴዛ ላይ

እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 3 ቀን 1967 ክርስቲያን ባርናርድ በኬፕታውን ግሩተ ስኩር ሆስፒታል በዓለም የመጀመሪያውን የሰው ልብ ንቅለ ተከላ ሲያደርግ ስሙ በአንድ ጀንበር ዓለምን ዞረ። ታማሚው ሉዊስ ዋሽካንስኪ ከ18 ቀናት በኋላ በሳንባ ምች ሞተ። ዋሽካንስኪን ያስተኛውና በማሽን ላይ ሳለ የጠበቀው የሰመመን ሐኪም ጆሴፍ ኦዚንስኪ መሆኑን የሚያስታውስ ግን ጥቂት ነው። ይህ የማስታወስ ጉድለት ዛሬም በጤና ዕቅዶቻችን ውስጥ ይታያል፤ ስለ ልብ ማዕከል ስናወራ ሕንፃና ቀዶ ሐኪም እንቆጥራለን፣ የሚያስተኛውን ግን እንረሳለን።

ሰመመን ማለት እንቅልፍ ማስወሰድ ብቻ የሚመስለው ብዙ ነው። ልቡ እጅግ የደከመ ሰው ቆሞ የሚሄደው ሰውነቱ ያለ ዕረፍት በሚያመነጨው የአድሬናሊን ግፊት ነው። የደም ሥሮቹ ተጨማድደው፣ የልብ ምቱ ፈጥኖ፣ በጣር የተገኘ ሚዛን ላይ ቆሟል። ጤናማ ሰውን የሚያስተኛ የተለመደ የፕሮፖፎል መጠን ይህን ግፊት በአንድ ጊዜ ያነሳና የደም ሥሮቹን ያላላል፤ ልቡም በዚያው ሊቆም ይችላል። ኬታሚን በየሆስፒታላችን የታመነ መድኃኒት ነው፤ የራሱን አድሬናሊን አሟጥጦ በጨረሰ ልብ ላይ ግን እሱም የልብ ጡንቻውን ሊያዳክም ይችላል። ስለዚህ ባለሙያው ገና ታማሚው ነቅቶ ሳለ የደም ግፊቱን በእያንዳንዱ የልብ ምት የሚያሳይ ቱቦ በክንዱ የደም ቅዳ ቧንቧ ውስጥ ያስገባል፤ መድኃኒቱንም በጣም አሳንሶ፣ ቀስ አድርጎ ይሰጣል።

እዚህ ላይ ልምድ የሌለውን የሚያሳስት አንድ ነገር አለ። በደካማ ልብ ደሙ ቀስ ብሎ ስለሚዞር በክንድ የተሰጠው መድኃኒት አንጎል ለመድረስ ከተለመደው ጊዜ በላይ ይፈጅበታል። ታማሚው አልተኛም ብሎ የቸኮለ ባለሙያ መጠኑን ይደግማል። ሁለቱም መጠኖች ተከታትለው ሲደርሱ ግፊቱ ይወድቃል። መታገሥ እዚህ ቦታ የሕክምናው አካል ነው። በሌላ በኩል ንቅለ ተከላው ድንገት በስልክ ጥሪ የሚመጣ በመሆኑ ታማሚው በልቶ ሊሆን ይችላል፤ በልቶ የመጣ ሰው ደግሞ ትውኪያው ወደ ሳንባው እንዳይገባ ፈጥኖ መተኛት አለበት። ሆዱ ፍጥነት ይጠይቃል፣ ልቡ ዝግታ። ሁለቱን የሚያስታርቀው የባለሙያው ፍርድ ነው፤ ይህ ፍርድ የሚገኘው ከዓመታት ልምምድ ነው።

ከዚያ ሰዓት ቆጠራ ይመጣል። ከለጋሹ የወጣ ልብ በበረዶ ተይዞ የሚቆየው በተለምዶ 4 ሰዓት ገደማ ነው፤ ከዚያ ሲያልፍ አደጋው በፍጥነት ይጨምራል። ኩላሊት አንድ ቀን ሊታገሥ ይችላል፣ ልብ ግን አይታገሥም። ስለዚህ ተቀባዩ የሚተኛው፣ ደረቱም የሚከፈተው ለጋሹ ዘንድ ያለው ቡድን ልቡን በዓይኑ አይቶ ደህና ነው ብሎ ካሳወቀ በኋላ፣ የመጓጓዣው ሰዓት ተሰልቶ ነው።

አሮጌው ልብ ሲወጣ የልብና ሳንባ ማሽን ደሙን ተረክቦ ያዞራል፤ ደሙ እንዳይረጋ ሄፓሪን ይሰጣል፤ ማሽኑን የሚያንቀሳቅሰው ፐርፊዩዥኒስት የሚባል ራሱን የቻለ ባለሙያ ነው። ትልቁ ፈተና ከማሽኑ መውጫው ላይ ነው። አዲሱ ልብ ከአንጎል ጋር የሚያገናኘው ነርቭ ተቆርጧል። የልብ ምት ሲወርድ በየቀዶ ክፍሉ መጀመሪያ የሚነሳው አትሮፒን የሚሠራው በነርቩ በኩል ስለሆነ እዚህ አይረዳም። ምቱን ለማፍጠን በቀጥታ ልብን የሚያነቃ መድኃኒት ወይም የኤሌክትሪክ ምት መስጫ ያስፈልጋል። የአዲሱ ልብ ቀኝ ክፍል ደግሞ የለመደው የጤነኛ ሳንባ ዝቅተኛ ግፊት ነው፤ የተቀባዩ ሳንባ ግፊት ከፍ ያለ ከሆነ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ሊሸነፍ ይችላል። ኦክስጅን ትንሽ ቢጎድል፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ትንሽ ቢጨምር፣ ሰውነት ቢቀዘቅዝ የሳንባው ግፊት ይብስበታል። በዚህ ሰዓት ቀዶ ሐኪሙ ሰፍቶ ጨርሷል፤ ሕይወቱ ያለው በሰመመን ባለሙያው እጅ ነው።

ዘግይቶ የሚመጣው ሕመምተኛ

በሰለጠኑት አገሮች የልብ ንቅለ ተከላ የሚጠብቀው ሰው በአብዛኛው የልብ ጡንቻው የደከመ ወይም የልብ ደም ሥሩ የተዘጋ ነው። እኛ ዘንድ ወጣቱን የሚጥለው ዋናው የልብ ሕመም ሩማቲክ ነው። በልጅነት በአግባቡ ያልታከመ የጉሮሮ ቁስለት የሰውነትን መከላከያ በራሱ ልብ ላይ ያስነሳል፤ ከዓመታት በኋላ የልብ ቫልቮች ይጠባሉ፣ ይጠነክራሉ ወይም ያፈሳሉ። የአፍሪካ ኅብረት ባለበት በአዲስ አበባ እ.ኤ.አ. በ2015 ይህን ሕመም ከአፍሪካ ለማጥፋት የጋራ መግለጫ ወጥቷል፤ የዓለም ጤና ጉባዔም እ.ኤ.አ. በ2018 ውሳኔ አሳልፏል።

ቫልቩ ሲጠብ ደም ወደ ሳንባ ይመለሳል፤ ዓመት በዓመት ላይ ሲጨመር የሳንባ ደም ሥሮች ይወፍራሉ፣ ግፊታቸውም ከፍ ብሎ ይቀራል። ይህ የሳንባ ግፊት ነው አዲስ ልብን በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት የሚጥለው። ስለዚህ ቫልቩ በጊዜ ያልታከመለት ሰው ዘግይቶ ሲመጣ የቫልቭ ቀዶ ሕክምናውም ይከብድበታል፣ ልብ ቢገኝለት እንኳን የመቀበል ዕድሉ ይጠባል ወይም ይዘጋል። ንቅለ ተከላ ላመለጠ የቫልቭ ሕክምና ማካካሻ አይሆንም።

የአዲስ አበባ ከፍታ ደግሞ የራሱ ጫና አለው። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለምትገኝ የአየር ግፊቱ፣ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅንም በባሕር ዳርቻ ካለው በሩብ ያህል ያንሳል። የኦክስጅን ማነስ የሳንባ ደም ሥሮችን ያጨማድዳል። ከቤኒሻንጉል ቆላ ተነስቶ የመጣ፣ የሳንባ ግፊቱ ቀድሞ ከፍ ያለ ሕመምተኛ አዲስ አበባ ሲደርስ የሚብስበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ማንኛውም የአገር ውስጥ የልብ ማዕከል ይህን አስቦ ኦክስጅኑንና የሳንባ ግፊት ማውረጃ መድኃኒቱን ማዘጋጀት አለበት።

ለጊዜው በአገሪቱ የልብ ቀዶ ሕክምና ዋናው ቦታ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ የሚገኘው ማዕከል ነው። ዶክተር በላይ አበጋዝ የመሠረቱት የልብ ሕሙማን ሕፃናት መርጃ ድርጅት ለዓመታት ሕፃናትን ውጭ እየላከ ሲያሳክም ቆይቶ በ2001 ዓ.ም. ይህን ማዕከል ከፈተ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሥራው በአብዛኛው ከውጭ በሚመጡ የበጎ ፈቃድ ቡድኖች ላይ ተንጠልጥሎ ነበር፤ ቡድኑ ሲመጣ ቀዶ ሕክምና አለ፣ ሲሄድ ይቆማል። ቀስ በቀስ ኢትዮጵያውያን ባለሙያዎች ራሳቸው መሥራት ችለዋል። ይህም ሆኖ ወረፋ የሚጠብቁት በሺዎች ይቆጠራሉ። ወረፋውን የሚያስረዝመው የመርፌና የክር እጥረት ብቻ አይደለም፤ አንድ የተሠራለት ሕፃን ለቀናት የጽኑ ሕሙማን አልጋ ይይዛል፣ አልጋው ሳይለቀቅ ቀጣዩ አይገባም።

መንገዱ ከአሶሳ

አሶሳ ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች። መንገዱ በወለጋ በኩል የሚያልፍ በመሆኑ የጸጥታ ችግር በተነሳ ቁጥር ሕመምተኛ የሚያደርስ መኪና ይስተጓጎላል። አውሮፕላኑ ከአንድ ሰዓት ትንሽ አልፎ ያደርሳል፤ ዋጋው ግን ከገበሬ አቅም በላይ ነው። ክልሉ ራሱ በአንድ መንገድ የተሳሰረ አይደለም። ከዓባይ ማዶ ያለው የመተከል ዞን ሕመምተኛ ከፓዌ ወደ ባሕር ዳር ያቀናል፤ የካማሺው ወደ ነቀምት። ስለዚህ አሶሳ ላይ ብቻ የተሠራ አቅም ለመተከል አይደርስም፤ የክልሉ ዕቅድ ቢያንስ አሶሳንና ፓዌን እኩል ማየት አለበት።

ልብ ለመለገስስ? ስሌቱን እንሥራ። የአንጎል ሞት አሶሳ ላይ ቢረጋገጥ ልቡን አውጥቶ ማሸግ፣ ወደ አውሮፕላን ማረፊያ ማድረስ፣ መብረር፣ ከቦሌ በአዲስ አበባ የመኪና ጭንቅንቅ ውስጥ ሆስፒታል መድረስ፣ ከዚያም መስፋት አለ፤ መስፋቱ ብቻውን አንድ ሰዓት ያህል ይፈጃል። ሁሉም ሳይሰናከል ቢሄድ ከ4 ሰዓቱ የሚተርፈው በጣም ጥቂት ነው፤ አውሮፕላኑም የመደበኛ በረራ ሰዓት የሚጠብቅ መሆን አይችልም። በሚቀጥሉት ዓመታት ከአሶሳ ልብ ይመጣል ብሎ ማቀድ የሚሆን አይመስልም። ኩላሊት ግን ይቻላል፤ ለሁለቱም የሚያስፈልገው የለጋሽ እንክብካቤ አንድ ዓይነት ነው።

የሰመመን አቅም ለክልሉ ዛሬ የሚሰጠው ጥቅም ግን ከንቅለ ተከላ በጣም የራቀ፣ ለሕዝቡ ደግሞ በጣም የቀረበ ነው። እንበል ከመንጌ ወረዳ አንዲት እናት ምጥ ጠንቶባት በሌሊት ወደ አንድ ጠቅላላ ሆስፒታል ትመጣለች። በልጅነቷ የታመመው ቫልቭ እንደጠበበ ማንም አልነገራትም፤ እርግዝናው ሲገፋ ትንፋሽ ያጠራት ጀመር፣ ሰውም የእርግዝና ነው አላት። ልጁ በቀዶ ሕክምና መውጣት አለበት። ሰመመን ሰጪው የተለመደውን ቢያደርግ ወገቧ ላይ በሚወጋ መርፌ ታች ያለውን ሰውነቷን ያደነዝዛል። ለጤነኛ እናት ይህ ከሁሉ የተሻለው መንገድ ነው። ለዚች እናት ግን የእግሮቿ ደም ሥሮች በአንድ ጊዜ ይላላሉ፣ ግፊቷ ይወርዳል፣ ልቧ ሊያካክስ ይፈጥናል። በጠበበ ቫልቭ ደም ለማለፍ ጊዜ ይፈልጋል፤ ልብ ሲፈጥን ያ ጊዜ ያጥራል፣ ደሙ ወደ ሳንባ ይመለሳል። ባለሙያው ግፊቱን ለማንሳት ኤፌድሪን ወይም አድሬናሊን ቢሰጥ ምቱ ይብስ ይፈጥናል፤ የሚሻለው ምቱን ሳያፈጥን ግፊት የሚያነሳው ፌኒሌፍሪን ነው፣ በመደርደሪያው ላይ ካለ። ልጁ ሲወጣ ማኅፀኑ ተኮማትሮ ብዙ ደም ወደ ልብ ይልካል፤ በዚያው ሰዓት ደም መፍሰስ ለማቆም የሚሰጠው ኦክሲቶሲን በፍጥነት ከተገፋ ግፊቱን ይጥላል፣ ስለዚህ በቀስታ መንጠባጠብ አለበት።

ይህ ሁሉ ለልብ ንቅለ ተከላ ከሚያስፈልገው እውቀት ጋር አንድ ነው፦ የደከመ ልብ ምን ይፈልጋል፣ ምን ይጥለዋል፣ የትኛው መድኃኒት ያጣድፈዋል። ልዩነቱ ለአንዷ እናት የሚያስፈልገው የኢኮ (የልብ አልትራሳውንድ) ምርመራ፣ በሌሊት ተረኛ የሆነ የሠለጠነ ባለሙያ፣ ጥቂት መድኃኒትና የማይቋረጥ ኦክስጅን መሆኑ ነው። ዋጋው ሊከፈል የሚችል ነው፤ የሚድኑትም ሁለት ነፍሶች ናቸው።

ባለሙያውና ዕቃው

የዓለም የሰመመን ሐኪሞች ማኅበራት ፌዴሬሽን ለ100,000 ሕዝብ ቢያንስ 5 የሰመመን ሐኪሞች እንዲኖሩ ይመክራል። የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ሕዝብ በ1999ኙ የሕዝብና ቤቶች ቆጠራ 784 ሺህ ያህል ነበር፤ ዛሬ ከ1 ሚሊዮን በላይ ቢሆን በዚህ ስሌት ለክልሉ ብቻ ከ50 የማያንሱ ስፔሻሊስቶች ያስፈልጋሉ ማለት ነው። ይህ ቁጥር ለክልሉ ዛሬ የማይታሰብ ነው። በአገር አቀፍ ደረጃም የስፔሻሊቲ ሥልጠናው በጥቂት ዩኒቨርሲቲዎች የተወሰነ ነው፣ ተመራቂውም አዲስ አበባና ጥቂት ትልልቅ ከተሞች ላይ ይቀራል።

በክልል ሆስፒታሎች የሰመመን ሥራውን የተሸከሙት ሐኪም ያልሆኑ፣ በሰመመን ሙያ በዲግሪና በማስተርስ የሠለጠኑ ባለሙያዎች ናቸው። ያለ እነሱ በአገሪቱ የእናቶች ቀዶ ሕክምና ይቆም ነበር። መንግሥት የድንገተኛ ቀዶ ሕክምና መኮንኖችን ወደ ገጠር ሲያሰማራ ቀዶ ክፍሎች በዙ፤ የሰመመን ባለሙያው ቁጥርና ድጋፍ ግን በዚያው ልክ አልሄደም። አንድ ባለሙያ ሌሊቱን ሙሉ ሠርቶ በማግሥቱም ይሠራል፤ ጥያቄ ሲገጥመው የሚደውልለት ከፍተኛ ባለሙያ አጠገቡ የለም። በግንቦት 2017 ዓ.ም. የጤና ባለሙያዎች በደመወዝና በሥራ ሁኔታ ምክንያት ሥራ እስከ ማቆም ሲደርሱ የታየው ምሬት ከዚህ የተለየ አይደለም። ደመወዙ ካልተስተካከለ ከአሶሳ የሚለቀው የመጀመሪያው ሰው ሌላ ቦታ የሚፈለገው ባለሙያ ነው፤ የሰመመን ባለሙያ ደግሞ በሁሉም ቦታ ይፈለጋል።

የዕቃው ጉዳይም ቀላል አይደለም። ለአሥርት ዓመታት የድሃ አገር ቀዶ ክፍሎች የተደገፉበት ሃሎቴን የልብ ጡንቻን የሚያዳክም፣ ምቱንም የሚያዛባ ጋዝ ነው። ትልቁ አምራች ማምረት እንደሚያቆም ካሳወቀ ወዲህ ሆስፒታሎች ወደ አይሶፍሉሬን መሸጋገር ግድ ሆኖባቸዋል። አይሶፍሉሬን ለደከመ ልብ ይሻላል፤ ነገር ግን የራሱ ማትነኛ መሣሪያ ይፈልጋል፣ በሃሎቴን መሣሪያ ውስጥ መሙላትም አደገኛ ነው። መድኃኒቱን ልኮ መሣሪያውን መርሳት ሰው ሊገድል ይችላል። የኢትዮጵያ መድኃኒት አቅራቢ አገልግሎት አሶሳ ላይ ቅርንጫፍ ስላለው ይህን ሽግግር በክልሉ ደረጃ በሥርዓት መምራት ይቻላል፤ የሚጠበቀው ሆስፒታሎቹ የትኛው ማሽን እንዳላቸው በዝርዝር ማወቅ ነው።

የክልሉን ጫና የሚያከብዱ ሌሎችም ነገሮች አሉ። በመተከልና በካማሺ በነበረው ግጭት የጤና ተቋማት ተጎድተዋል። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2023 በሱዳን ጦርነቱ ከተነሳ ወዲህ በኩርሙክ በኩል የገቡ ስደተኞች በአካባቢው ጤና ተቋማት ላይ ተጨምረዋል። በጥይት የቆሰለ፣ ደሙ የፈሰሰ ሰው ሲመጣ የመጀመሪያው ጥያቄ ማን ያስተኛዋል ነው።

ከፊታችን ያሉት መንገዶች

የመጀመሪያው፣ ከውጭ ቡድን መጥቶ ከአገር ውስጥ ባለሙያዎች ጋር አዲስ አበባ ላይ አንድ ሁለት የልብ ንቅለ ተከላ መሥራት ነው። ይቻላል፤ ለአገርም ኩራት ይሆናል። ችግሩ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ልብ የተቀየረለት ሰው የሰውነቱ መከላከያ አዲሱን ልብ እንዳያጠቃው ዕድሜ ልኩን መድኃኒት ይወስዳል፤ የመድኃኒቱ መጠን በደም ምርመራ ይለካል፣ ከልቡም ናሙና ይወሰዳል። መድኃኒቱ ለወር ከተቋረጠ ልቡ ሊጠፋ ይችላል። የኩላሊት ተቀባዮች መድኃኒት ፍለጋ የሚያዩትን መከራ የሚያውቅ ሰው ይህን አቅልሎ አያይም። ከዚህም ሌላ ለአንድ ልብ የሚሰለፈው የሰመመንና የጽኑ ሕሙማን ቡድን በዚያ ሳምንት የቫልቭ ቀዶ ሕክምና የሚጠብቁ በርካታ ወጣቶችን ያስጠብቃል። ጥቂት እጅ ባለበት አገር ይህ ምርጫ መሆኑን በግልጽ መናገር ያስፈልጋል።

ሁለተኛው ዛሬ ያለው ነው፦ አቅም ያለው ወደ ሕንድ ወይም ወደ ሌላ አገር ይሄዳል፣ የሌለው ይቀራል። በዚህ መንገድ ከአሶሳ የሚሄድ ሰው በጣት የሚቆጠር ነው፤ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኑም ለዚህ ዓይነት ወጪ የተሠራ አይደለም።

ሦስተኛው ቀስ ያለ ነው፤ እኔ ግን የማምነው እሱን ነው። በአሶሳና በፓዌ ሆስፒታሎች በእያንዳንዱ ቀዶ ክፍል የማይቋረጥ ኦክስጅን፣ የኦክስጅን መጠን የሚያሳይ ፐልስ ኦክሲሜትር፣ የሚተነፈሰውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚለካ መሣሪያና አይሶፍሉሬን ከነማሽኑ ማሟላት። ቀጥሎ ጥቂት አልጋ ያለው፣ የደም ጋዝ መለኪያ ያለው እውነተኛ ጽኑ ሕሙማን ክፍል። የአሶሳ ዩኒቨርሲቲ የሰመመን ሥልጠናን ከክልሉ ተወላጆች ጋር ቢያያይዝ፣ የበርታና የጉሙዝ ቋንቋ የሚናገር ባለሙያ ለመልቀቅ የሚቸኩልበት ምክንያት ይቀንሳል። የሩማቲክ ልብ ሕመም እንዳይብስ በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ የሚወጋው ቤንዛቲን ፔኒሲሊን በወረዳ ጤና ጣቢያ ሳይቋረጥ ከተገኘ ደግሞ ከአሥር ዓመት በኋላ ልብ ይቀየርልኝ የሚለው ሰው ቁጥር ይቀንሳል።

ይህ መንገድ አዲስ አበባ ላይ የልብ ንቅለ ተከላ እንዳይጀመር አይከለክልም። እንዲያውም የአንጎል ሞትን በትክክል የሚለይና ለጋሽን የሚንከባከብ ክፍል በክልሎች ካልተዘረጋ የአዲስ አበባው ማዕከል ልብ የሚያገኘው በአንድ ከተማ ከሚሞቱ ሰዎች ብቻ ይሆናል። የጊዜ ግምት ስጥ ብባል፣ በጥቂት ዓመታት ውስጥ አንድ የተሳካ ንቅለ ተከላ አዲስ አበባ ላይ ልናይ እንችላለን፤ በየዓመቱ የሚቀጥል አገልግሎት ለመሆን ግን ከዚያ ብዙ ዓመት ይፈጃል። የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ሕዝብ ድርሻ የሚወሰነው በእነዚያ ዓመታት ክልሉ ስንት የሰመመን ባለሙያ ማፍራትና ማቆየት እንደቻለ ነው።

ስለዚህ ለክልሉ ምክር ቤት አባላትና ለጤና ቢሮው የማቀርበው ጥያቄ አንድ ነው። የሚቀጥለው ዓመት በጀት ሲቀርብ በአሶሳና በፓዌ ሆስፒታሎች በሌሊት ተረኛ የሆኑት የሰመመን ባለሙያዎች ስንት እንደሆኑ፣ ስንቱ በዓመቱ እንደለቀቁ፣ ኦክስጅን ስንት ቀን እንደተቋረጠ በቁጥር ተጽፎ ለሕዝብ ይቅረብ። የጤና ሚኒስቴርም ስለ ልብ ማዕከል ሲያቅድ ይህን ቁጥር ከጎኑ ያስቀምጥ።